ከ«አልሐምዱሊላህ» በኋላ፦ የወንዶች ጭንቀትና የእሑድ ጠዋት መንገድ

ሁለት ወንዶች ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ በር ላይ ሲገናኙ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሰላምታቸው ረዥም ነው። «አስሰላሙ ዐለይኩም! እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ሥራስ እንዴት ነው?» ለአራቱም ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ!» ከዚያ ተጨባብጠው ይለያያሉ። አንዱ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ሌላው ከሥራ ከተቀነሰ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ለባለቤቱ እንኳ አልነገራትም። ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው የሥራ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ሲዞር ውሎ ማታ ይገባል።

አላህን በደስታም በመከራም ማመስገን የሙእሚን መለያ ነውና ይህን ቃል ልንነቅፍ አልተነሣንም። ጥያቄያችን ከቃሉ በኋላ ስላለው ዝምታ ነው። ጠያቂው መልሱን ከሰማ በኋላ ለምን ጥቂት ቆም አይልም? ተጠያቂውስ ጌታውን ካመሰገነ በኋላ «ወንድሜ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው» ለማለት ምን አገደው? ምስጋናውና ችግሩን መናገሩ አይጋጩም። አንዱ ለጌታው ነው፤ ሌላው ለወንድሙ።

በአገራችን ወንድ ልጅ እንባው ወደ ሆዱ እንዲፈስ ሆኖ ያድጋል። ገና በልጅነቱ ወድቆ ሲያለቅስ «ሴት ነህ እንዴ?» ይባላል። አድጎ ሲያገባ ደግሞ የቤቱ ምሰሶ ነው ይሉታል፤ ምሰሶ እንዴት ያቃስታል? የኑሮ ውድነቱን፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከገጠር የሚጠብቁትን ወላጆቹን ሁሉ በአንድ ሆድ ይዞ ይዞራል። ሲበዛበት ይቆጣል፤ ወይም ዝም ይላል። ቤተሰቡ «ምን ነክቶት ነው?» ሲል «ምንም» ይላል። ብዙ ሚስቶች የባላቸውን ጭንቀት የሚያውቁት በቁጣው ብቻ ነው።

ይህ ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲታይ ከነዚህ መካከል የወንዶቹ መጠን ከሴቶቹ እጥፍ ያህል ነው። ወንዶች እርዳታ ለመጠየቅ ከሴቶች ይልቅ ወደ ኋላ እንደሚሉ ደግሞ በብዙ አገሮች የታወቀ ነገር ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትን ተረት ለእግር ቁስል እንጠቅሰዋለን እንጂ ለልብ ቁስል ስንጠቅሰው አንሰማም።

ለመሆኑ ወንድ አያለቅስም የሚለውን ከማን ነው የተማርነው? ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል፤ ባልደረቦቻቸውም እንባቸውን አይተዋል። ባለቤታቸውን ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት እስከ ዛሬ «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ይታወሳል። ሐኪሙና ፈላስፋው አቡ ዘይድ አልበልኺ (እ.ኤ.አ. በ934 የሞተ) ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፍ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀው ለይቶ፣ ነፍስም እንደ ሥጋ እንደምትታመም አስረድቷል። ይህ ከ1,000 ዓመት በፊት ነው። እንግዲህ ኀፍረቱ ከዲናችን የመጣ አይደለም፤ ከባህላችን ነው።

የገበያው መንገድ

ይሁን እንጂ ባህላችን በአንድ እጁ የከለከለውን በሌላው እጁ ሲሰጥ የኖረበት ቦታ ነበረ። እሱም መንገድ ነው።

ከገጠር የመጣን ሰዎች እናስታውስ። ወሎ ውስጥ ለባቲ የሰኞ ገበያ የሚሄድ ሰው ገና በጨለማ ተነሥቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ይወርዳል። አህያው ከፊት፣ ሰዎቹ ከኋላ፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ መንገድ ላይ የማይነሣ ነገር የለም። የበሬ ዋጋ ይነሣል፤ ከዚያ የልጅ ጋብቻ፤ ከዚያ የድንበር ጠብ። ፀሐይ ወጥታ ጥላ ሲያጥር ደግሞ አንዱ ድንገት ባለፈው ዓመት ስለቀበረው ልጁ ማውራት ይጀምራል። ማንም «ና ስለ ሐዘንህ እንነጋገር» አላለውም። እግሩ ሲሄድ አፉ ተፈታ። ጎረቤቶቹም እየሄዱ ሰሙት፣ ገበያ ደረሱ፣ ጨው ገዝተው ተመለሱ። በዓመት ሃምሳ ጊዜ እንዲህ ያደረገ ሰው ብዙ ነገር ሆዱ ውስጥ አይቀርበትም።

ከተማ ስንገባ ይህን መንገድ አጣነው። ሥራችን ሱቅ ውስጥ ወይም ቢሮ ውስጥ ነው። የምንሄደው በታክሲ ነው፤ በታክሲው ውስጥ ሁሉም ሞባይሉ ላይ አቀርቅሯል። ሠርግና ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ እዚያ ግን ሕዝብ ይበዛል።

ከተማው ለወንድ የተወለት መገናኛ በአብዛኛው ኳስ የሚታይበት ቤትና በርጫ ነው። በርጫ ላይ ጨዋታ የለም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ከዐስር በኋላ የተቀመጠ ሰው እስከ መግሪብ ድረስ ዓለምን ያቀናል፤ ቤት ይሠራል፣ ንግድ ይከፍታል፣ ከተጣላው ወንድሙ ጋር ይታረቃል። ምርቃናው ሲወርድ ግን እንቅልፍ ይሸሻል። በማግሥቱ የሚመጣውን ድብርት የቀመሰው ያውቀዋል። ስለ ጫት ሸሪዓዊ ብይን ዑለማዎቻችን የሚሉትን ለእነርሱ እንተወው፤ እኛ የምንለው ከጤና አኳያ ብቻ ነው። አስቀድሞ የተጨነቀ ሰው የቀረችውን እንቅልፍ አሳልፎ መስጠት አይችልም። በርጫ ላይ የተባለው ነገር ደግሞ ጠዋት ላይ አይደገምም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም «ምርቃና ነው» ብለው ይተዉታል።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ

በአንድ የአዲስ አበባ መስጊድ አካባቢ የሚኖሩ ዘጠኝ ወንዶች እሑድ እሑድ ጠዋት አብረው በእግር እንደሚወጡ ሰምተን ለሦስት ሳምንታት አብረናቸው ሄድን። ማኅበር አይደሉም፤ ስም የላቸውም፤ መዋጮም የለባቸውም። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን አንጠቅሰውም። ከመካከላቸው የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመላሽ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና በጡረታ ላይ ያሉ የጭነት መኪና ሾፌር ይገኛሉ።

ሱብሒን ሰግደው ጥቂት ያርፋሉ። በጨለማ አይወጡም፤ እንጦጦ ላይ ጅብ አለና። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሽሮ ሜዳ ተገናኝተው ሽቅብ ይጀምራሉ። መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣልና ለመደ የተባለውም ትንፋሹ ይቆራረጣል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ የሚያወራ ሰው የለም፤ ማውራት አይቻልማ! ከዚያ በአፄ ምኒልክ ዘመን መተከል የጀመረው የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ሲገቡና መንገዱ ደልደል ሲል ሰዎቹ ሳይታወቃቸው ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይከፋፈላሉ። ከታች የከተማው ጫጫታ ይርቃል። አልፎ አልፎ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ያልፋሉ፤ ወጣቶቹ መንገድ ይለቁላቸዋል።

ወንዶቹ ለምን እዚህ ላይ እንደሚያወሩ የነገሩን ጡረተኛው ሾፌር ናቸው። ወጣቶቹ «አባባ» ነው የሚሏቸው። በመጀመሪያ የዐሰብን፣ ኋላም የጅቡቲን መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተመላልሰውበታል።

«ረዳቴ ቀን ቀን ጭጭ ነው» አሉን፤ «ሻይ ቤት አስቀምጬው፣ ‹ልጄ፣ ምን ሆነሃል?› ብለው አይመልስልኝም። ሌሊት ሚሌን ካለፍን በኋላ ግን እንደ ጉድ ያወራል። ስለ እናቱ፣ ስለ ጥላት ሚስቱ፣ ስለ ሁሉም። መጀመሪያ እንቅልፍ እንዳይወስደው ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እኔ መንገዱን አያለሁ፣ እሱም መንገዱን ያያል። ዓይን ለዓይን አንተያይም። ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ሲያዩት የተመረመረ ይመስለዋል።»

አባባ ይህን ያገኙት ከመሪ ጨብጠው ነው። ርቀው በሚገኙት በአውስትራሊያ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ደርሰውበታል። እዚያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጡረታ የወጡና ብቸኝነት የተጫናቸው ወንዶች ተሰብስበው እንጨት የሚሠሩባቸው፣ ብስክሌት የሚጠግኑባቸው መጋዘኖች ተከፍተዋል፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከአንድ ሺህ በላይ ነው። የነዚህ ሰዎች ዋና እምነት ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይሆን ትከሻ ለትከሻ ሆነው እንደሚነጋገሩ ነው። እጅ ሥራ ይዞ፣ ዓይን ሌላ ቦታ ሆኖ፣ አፍ ይፈታል።

በሁለተኛው እሑድ ከሳዑዲ ተመላሹ ጎን ሆነን ሄድን። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። ከወንዶቹ ጋር መሄድ ሲጀምር አራት እሑድ ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣውም ነበር። በአምስተኛው፣ ጫማው ጠጠር ገብቶበት ሊያራግፍ ሲቀመጥ፣ አብሮት የነበረው ጨርቅ ነጋዴ ቆሞ ጠበቀው። ተነሥተው ሲቀጥሉ ንግግሩን ጀመረ። ከመመለሱ በፊት ታጉረው የቆዩበትን ቦታ እስከ ዛሬ በሌሊት እንደሚያየው፣ ላብ አጥልቆት እንደሚነቃ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙት ትራስ ነክሶ እንደሚተኛ ተናገረ። ከአሥር ዓመት በላይ ለማንም ያልነገረው ነው።

«ነጋዴው ምን አለህ?» ብለን ጠየቅነው።

«ምንም አላለኝም። ትንሽ ሄድንና ‹ከዚያስ?› አለኝ። ወላሂ፣ ሌላ ነገር ቢለኝ ኖሮ ዝም እል ነበር።»

ይህችን «ከዚያስ?» የምትል ቃል አንባቢዎቻችን በቸልታ እንዳያልፏት እንፈልጋለን። እኛ ሙስሊሞች ለተጨነቀ ሰው የምንሰጣቸው ሁለት ፈጣን መልሶች አሉን። አንደኛው «አብሽር!» ነው፤ ሁለተኛው «ሰብር አድርግ»። ሁለቱም ያማሩ ቃላት ናቸው። ሰብር ያለውን ደረጃ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ሰውየው ገና አፉን ሲከፍት የምንወረውረው «ሰብር አድርግ» ብዙ ጊዜ «በቃህ፣ ዝም በል» ከማለት አይለይም። ተናጋሪው ሳይጨርስ ሰሚው የተገላገለ ይመስለዋል። የእሑድ ተጓዦቹ ምክር የሚሰጡት ሲጠየቁ ብቻ ነው። ፖለቲካ አያነሡም፤ ሞባይል ከኪስ አይወጣም። መንገድ ላይ የተሰማ ነገር አማና ስለሆነ ቤት አይደርስም፤ ለሚስትም ቢሆን አይነገርም።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

በተፈጥሮ መካከል መሄድ አእምሮን እንደሚያሳርፍ ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም እንል ይሆናል። ሆኖም የተጠኑ ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ታትሞ ነበር። በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በአረንጓዴ ቦታዎች የሚያሳልፉ ሰዎች ምንም ከማይወጡት ይልቅ ጤንነትና የሕይወት እርካታ እንዳላቸው በብዛት ተናግረዋል። ሁለቱ ሰዓት በአንድ ቀን ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። በርግጥ ጤነኛ የሆነ ሰው ከቤት መውጣት ይቀለዋልና ከዚህ ብቻ ተነሥተን ጤናው የመጣው ከመውጣቱ ነው ብለን መደምደም አንችልም።

በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ደግሞ ትንሽ ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ የሚቀርብ ነው። 38 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ዛፍና ሣር ባለበት፣ ግማሾቹ መኪና በሚበዛበት መንገድ ለ90 ደቂቃ ሄዱ። ዛፍ ባለበት የሄዱት አንድን አሳዛኝ ሐሳብ ደጋግሞ የማመንዠግ ነገር ቀነሰላቸው፤ የሌሎቹ ግን አልቀነሰም። እነዚህ ሰዎች ግን የሄዱት ብቻቸውን ነው። በቡድን ስለ መሄድ በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች 42 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረዋል። በጥናቶቹ ውስጥ በድምሩ 1,843 ሰዎች ነበሩ። በቡድን የሚሄዱት ሰዎች የደም ግፊታቸው ዝቅ ማለቱን፣ የመንፈስ ጭንቀታቸውም መቀነሱን አግኝተዋል።

ጃፓኖች በደን ውስጥ ቀስ ብሎ መቆየትን እ.ኤ.አ. በ1982 በመንግሥት ደረጃ ስም አውጥተው ለሕዝባቸው ማስተማር ጀምረዋል። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ሙስሊሞችም በቅርብ ዓመታት በብዛት ተራራ መውጣት ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ገና ቀን ከመቶ በላይ ሙስሊሞች ማም ቶር የተባለውን ኮረብታ አብረው በወጡ ጊዜ አንዳንዶች በኢንተርኔት ዘለፏቸው፤ ዘለፋው ግን ከመውጣት አላገዳቸውም።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከሁሉም የቆየ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በየሳምንቱ ቅዳሜ ከመዲና መስጊዳቸው ወደ ቁባእ መስጊድ ይሄዱ ነበር፤ አንዳንዴ በእግራቸው፣ አንዳንዴ እየጋለቡ። ርቀቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሄዱት ለዒባዳ ነው፤ እኛ ዛሬ ስለ አእምሮ ጤና ከምንለው ጋር አናምታታውም። ያም ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ መንገድ መሄድ ለሙስሊም እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያሳየናል።

የቀረውን ማን ይጠይቃል?

በቡድኑ ውስጥ የተጻፈ ሕግ የለም። የሚጠበቅ አንድ ልማድ ግን አለ፤ ሁለት እሑድ የቀረ ሰው ቤቱ ድረስ ይሄዱለታል። ስልክ አይበቃም። ምክንያቱም በስልክ «አልሐምዱሊላህ» ማለት ቀላል ነው።

ሳናውቀው የተውነው ሱና ቢኖር ይህ ነው። የሣቢት ኢብኑ ቀይስን (ረ.ዐ.) ታሪክ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ድምፃቸው ከፍ ያለ ሰሓባ ነበሩ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ድምፅን ከፍ ማድረግን የሚከለክለው አንቀጽ ሲወርድ «ሥራዬ ሁሉ ተበላሸ፣ የእሳት ነኝ» ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካከላቸው መጥፋቱን አስተዋሉና ጠየቁ። አንድ ሰው ተነሥቶ ቤቱ ድረስ ሄደ፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኘው። ምን እንደሆነ ጠይቆ ተመልሶ ነገራቸው። በሁለተኛው ጊዜ ያ ሰው የሄደው የጀነት ሰው መሆኑን የሚያበሥር መልእክት ይዞ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊሰጥ ስለሚገባው አክብሮት ሲነገር ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ የምናየው ሌላኛውን ጎን ነው። በመዲና ያን ያህል ሕዝብ ሲመላለስ የአንድ ሰው መጥፋት ታወቀ። የተላከውም ሰው እበሩ ቆሞ አልተመለሰም። ከመስጊዳችን ሰልፍ ውስጥ አንድ ሰው ለአንድ ወር ቢጠፋ ስንቶቻችን እናስተውላለን?

ተማሪው የጠፋው ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን ነበር። በመጀመሪያው እሑድ «ለፈተና እያጠና ይሆናል» ተባለ። በሁለተኛው አስተማሪውና አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ተከራየበት ክፍል ሄዱ። ቀትር ላይ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። ደጋግመው ሲያንኳኩ ከፈተላቸው። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ምግብ ከቀመሰ ሁለት ቀኑ ነው። አስተማሪው ፍራሹ ጠርዝ ላይ ከጎኑ ተቀመጠና «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ ጠየቀው። ልጁም አዎ አለ። ያን ሌሊት ብቻውን አልተዉትም፤ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ ትምህርቱን ቀጥሏል። በሦስተኛው እሑድ ዳገቱን ከኛ ቀድሞ የወጣው እሱ ነበር።

ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ሐሳቡን በሰውየው አእምሮ ውስጥ እንደ መትከል ይቆጥሩታል። የዘርፉ ባለሞያዎች የሚሉት ግን ተቃራኒውን ነው። በቀጥታና በእርጋታ መጠየቅ ሰውየውን አይገፋውም፤ ሸክሙን እንዲያወርድ ያግዘዋል።

መንገድ የማይፈውሰው

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብን። በእግር መሄድ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው የሕክምና ምትክ አይደለም። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ያለ ምክንያት ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው፣ ለሳምንታት ያልተኛ ወይም ያልበላ፣ ስለ ሞት ደጋግሞ የሚያወራ፣ ንብረቱን እያከፋፈለ የሚሰናበት የሚመስል ሰው ካለ እሑድን መጠበቅ የለበትም። በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል ሆስፒታል ለረዥም ዘመን ይህንኑ ሲያክም ኖሯል። «አማኑኤል ገባ» የሚለውን አነጋገር ለስድብ የምንጠቀምበት ሰዎች ስንቱን ወንድማችንን ከበሩ እንዳስመለስን አላህ ነው የሚያውቀው።

ሩቅያ የሚቀራለት ሰው ይቀራለት፤ ሐኪም የሚያየውም ሐኪም ይየው። አንዱ ሌላውን የሚከለክልበት ምክንያት የለም። መታሠርና መደብደብ ግን ሩቅያም ሕክምናም አይደለም።

ከሚስቶች በኩል

የተጓዦቹን ባለቤቶችም አነጋግረን ነበር። አንዷ መጀመሪያ ላይ እንደተቃወመች አልደበቀችንም። «እሑድ ብቻ ነው ቤት የሚውለው፤ እሷንም ለጓደኞቹ ሰጣት ብዬ ተቆጥቼ ነበር» አለችን። ቅሬታዋ ተገቢ ነው። ሰዎቹም ሰምተውት መሰለን ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቤታቸው ይገባሉ። «አሁን ከዚያ ሲመለስ ልጆቹን ያጫውታል። ድሮ እሑድ ቁርስ ላይ ማንም አይነካውም ነበር።» ሌላዋ ደግሞ እየሳቀች «እኛስ መቼ ነው እንጦጦ የምንወጣው?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄው ለባሎች ይድረስልን። አንድ እሑድ ልጆቹን እነርሱ ይያዙ።

ከተጓዦቹ ሁለቱ ጎረምሳ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ አባቱ ለሌላ ሰው «ከብዶኛል» ሲል መስማቱ አባቱን አያሳንስበትም። አንደኛው ልጅ አብዛኛውን መንገድ ከአባባ ጋር ነው የሚሄደው፤ ስለ ዐሰብ መንገድ ሲያስወራቸው ዳገቱ አይታወቀውም።

ለመጀመር ለሚፈልጉ

ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የታክሲ፣ አንድ ፕላስቲክ ውኃ፣ በኪስ ቆሎ፤ ይኸው ነው። ከስምንት አሥር ሰው በላይ ሲሆን ወሬው የስብሰባ መልክ ይይዛልና ሲበዛ ለሁለት መከፈል ይሻላል። ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ይሄዳል። እንጦጦ ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም፤ ልብ ወይም አስም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ያንን ዳገት አይሞክር። ደሴ ያለ ሰው ጦሳን፣ ሐረር ያለ ሰው ሐኪምን ያውቀዋል። ተራራ በሌለበት የወንዝ ዳር ወይም የእርሻ መንገድ ይበቃል። በሰው የታወቀ መንገድ መምረጥ፣ በብርሃን መሄድና የት እንደሚሄዱ ለቤተሰብ መናገር ግን አይዘንጋ።

ክረምት ሲገባ የእንጦጦ ጭቃ አያስኬድም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰዎቹ መንገዳቸውን ቀይረው ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት ከአንዱ መስጊድ ወደ ሌላው በአስፋልቱ ይሄዳሉ። አባባ ጉልበታቸው በብርድ ስለሚያማቸው በዚህ ወቅት ከግማሽ መንገድ ይቀላቀላሉ። ጥላቸውን ይዘው የታክሲ ማቆሚያው ጋ ይጠብቋቸዋል።